የውጭ አማካሪና የእርሻ ሪፎርም፦ የሚባለውና እውነታው

የሶሻሊስቱ ጎራ ሲፈርስ የመንግሥትና የኅብረት እርሻዎችን ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ አገሮቹን አስጨነቀ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1989 ለፖላንድና ለሃንጋሪ «ፋሬ» የተባለውን የርዳታ ፕሮግራም፣ በ1991 ደግሞ ለቀድሞዎቹ የሶቪየት ሪፐብሊኮች «ታሲስ» የተባለውን ጀመረ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የዓለም ባንክም ገባበት። አማካሪዎች ጎረፉ። ስለ ሥራቸው እስከ ዛሬ ከሚባለው ውስጥ ብዙው ግን ልክ አይደለም።

«ሪፎርሙን ያመጡት የውጭ አማካሪዎች ናቸው»

አይደሉም። ቻይና ውስጥ በ1978 የሺያኦጋንግ መንደር ገበሬዎች ማሳውን በየቤተሰቡ የተከፋፈሉት በድብቅ ተማምለው ነው። መንግሥት የተቀበለው በኋላ ነው። ቬትናምም በ1988 ምርቱን በቤተሰብ እጅ አደረገች። በዓመቱ ሩዝ ከውጭ ማስገባቷን ትታ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች። ሁለቱም ጋ ውሳኔው የአገር ልጅ ውሳኔ ነበር።

ታዲያ አማካሪ ምን ይጠቅማል? ውሳኔው መሬት ሲነካ የሚመጣውን ጣጣ ለመፍታት ይጠቅማል። በሩሲያ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ክልል በ1993 የተሞከረውን እንይ። ሥራውን ያገዘው የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ነው። መጀመሪያ የባለድርሻዎች ዝርዝር ተሠራ፤ ጡረተኞችም ተካተቱ። እያንዳንዱ ሰው የመሬትና የንብረት ድርሻውን የሚያሳይ ወረቀት ያዘ። ቀጥሎ ጨረታ ተደረገ። መጫረቻው ግን ገንዘብ ሳይሆን ያው ወረቀት ነበር። ማረስ የማይችል ጡረተኛ ድርሻውን ለሚያምነው ሰው ማከራየት ይችል ነበር። ትራክተሩና የከብት በረቱ ለማን እንደሚደርሱ ሁሉም ፊት ለፊት እያየ ተወሰነ። ለእኔ ጥሩ የማማከር ሥራ ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ አብዛኛው የሩሲያ እርሻ በዚህ መንገድ አልሄደም። ስሙን ቀይሮ፣ አለቃውን ይዞ ቀጠለ። የአካባቢው ሹም ካልፈለገ የትኛውም አማካሪ ምንም ሊያደርግ አይችልም።

«አንዱ ጋ የሠራ ሌላውም ጋ ይሠራል»

የቻይናው ገበሬ በእጁና በከብት የሚያርስ ነበር፤ ማሳው ቢከፋፈል በማግሥቱ ሥራውን ይቀጥላል። የሩሲያ ኮልኾዝ (የኅብረት እርሻ) ግን በሺህ የሚቆጠር ሄክታር በኮምባይነር የሚታጨድበት ነበር። አላቢዋ ማለብ፣ ሾፌሩ መንዳት፣ ሒሳብ ሠራተኛው መዝገብ ብቻ ነበር የሚያውቁት። ኮምባይነር ለአሥር ቤተሰብ አይከፋፈልም። ፖላንድ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ናት፤ አብዛኛው የእርሻ መሬቷ በሶሻሊዝም ዘመንም ከግል ገበሬ እጅ አልወጣም።

«መሬቱ ከተከፋፈለ በኋላ ሥራው አልቋል»

ከሁሉም የባሰው ስህተት ይሄ ነው። አልባኒያ በ1991 የኅብረት እርሻዎቿን ለገጠር ቤተሰቦች እኩል አካፈለች። ፍትሐዊ እንዲሆን ለምለሙም ጠፉም፣ ቅርቡም ሩቁም መሬት ለሁሉም እንዲደርስ ተደረገ። ውጤቱ? አንድ ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር ብዙም የማይበልጥ መሬት ያዘ፤ እሱም እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ። ዩክሬን ደግሞ ለገበሬዎቿ የመሬት ድርሻ ሰጥታ ስታበቃ ከ2001 ጀምሮ ሽያጩን አገደች። ገበያው የተከፈተው በ2021 ነው። ባለመሬቱ ይህን ሁሉ ዓመት ማከራየት ይችል ነበር፣ መሸጥ ግን አይችልም ነበር።

ስለዚህ ከክፍፍሉ በኋላ ምዝገባ፣ ብድር፣ የእንስሳት ሐኪም፣ ምርት የሚረከብ ነጋዴ ያስፈልጋል። እነዚህ አሰልቺ ሥራዎች ናቸው፤ የገበሬው ኑሮ የሚለወጠው ግን በነሱ ነው።

«ርዳታው ገበሬው ኪስ ይገባል»

የታሲስ ገንዘብ በዋናነት የወጣው ለባለሙያ ምክርና ለሥልጠና ነው፤ ውሉንም ያገኙት በጨረታ ያሸነፉ አማካሪ ድርጅቶች ነበሩ። ከዓለም ባንክ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብድር ነው፤ አገሪቱ ትከፍለዋለች። ምክር ዕዳ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ቢጋሩ (አማካሪው የሚሠራው ሥራ የሚዘረዘርበት ሰነድ) ሲጻፍ የሪፖርቱን ገጽ ብዛት ትቶ ሌላ ነገር መጠየቅ ይሻላል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ የመሬት መዝገቡን የሚይዘው የትኛው የአገሩ ቢሮ ነው? የቢሮው ሠራተኞች ደመወዝስ ከየትኛው በጀት ይከፈላል? ይህ ውሉ ላይ በግልጽ ካልሰፈረ መፈረም የለበትም።