የድድ በሽታ «በዘር ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባሕር ዳር ላይ ጥርሱ ያለ ዕድሜው የተነቃነቀበት ሰው «የእኛ ቤት ጥርስ እንዲሁ ነው» ማለት ይቀናዋል። ከእውነት የራቀ አይደለም። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ድዱ በጠና በተጎዳና ባልተጎዳ ሰው መካከል ካለው ልዩነት ከሲሶ እስከ ግማሽ ያህሉን ለዘር ይሰጡታል።

የሚወረሰው ግን በሽታው ሳይሆን የሰውነት ቁጣ ነው። ጥርስ ሥር ባክቴሪያ ሲከማች ሰውነት ኢንተርሉኪን-1 የተባለ ፕሮቲን ይለቃል፤ ሲበዛ አጥንት የሚያሟሙ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት የዚህን ፕሮቲን ጂን አንድ ዓይነት ከከባድ የድድ በሽታ ጋር ያያዘው በማያጨሱ ሰዎች ላይ ነው፤ በአጫሾቹ ላይ ሲጋራው የጂኑን ድርሻ ዋጠው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ውጤቶች አልተስማሙም። ስለዚህ ለጂን ምርመራ ገንዘብ ከማውጣት «እናትዎ ጥርሳቸው በስንት ዓመታቸው ወለቀ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

በአንድ ጂን ብልሽት ብቻ የሚመጣም አለ፤ ፓፒዮን-ለፌቭር ይባላል። የተበላሸው ጂን ከእናትም ከአባትም ሲወረስ የልጁ የወተት ጥርስ ሳይቀር ይረግፋል፤ መዳፉና ውስጥ እግሩም ይሻክራል። የሥጋ ዘመዳሞች ሲጋቡ ይበዛል። ሰባት ቤት መቁጠር ለጥርስም ይበጃል ማለት ነው።

ወደ ኢምፕላንት፣ ማለትም በወለቀ ጥርስ ቦታ አጥንት ውስጥ ወደሚተከለው ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ስንመጣ የዘር ማስረጃው ይበልጥ ይሳሳል፤ ዋናው ሥጋት ቀድሞ የነበረ የድድ በሽታ ነው። የታይታኒየሙ ብሎን ከአጥንት ጋር ለመያያዝ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈልጋል። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያስሩት ጅማቶች ግን በብሎኑ ዙሪያ የሉም፤ ኢንፌክሽን ሲነሳ ቶሎ አጥንት ላይ ይደርሳል፣ ሕመሙም እምብዛም አይሰማም። ብሎኑ ሲነቃነቅ አጥንቱ አልቋል። ድዱ ሳይታከም፣ ስኳሩ ሳይስተካከል መትከል ገንዘብን ጣና ውስጥ መጣል ነው።

የተነቀሰ ድድ ደግሞ ያታልላል፤ ጥቁረቱ መቅላቱን ይሸፍናል። ሲጋራም መድማቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የሚታመነው ዓይን ሳይሆን በሚሊ ሜትር የተከፋፈለችው ቀጭን መለኪያ ናት። ሐኪሙ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ 6 ቦታ ያስገባታል፤ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ደህና ነው፣ 4ና ከዚያ በላይ ገብታ ከደማ ሕክምና ይፈልጋል።

የፊት ጥርሶቹና የመጀመሪያዎቹ የመንጋጋ ጥርሶቹ ብቻ አጥንት ያጡበት ወጣት ከመጣ ከዘጌም ቢሆን በጀልባ ታናናሾቹን ያምጣ፤ ይህ ዓይነቱ በጉርምስና ይጀምራል፣ በአንድ ቤት ልጆችም ላይ ይደጋገማል።