«ውጤቴ ኖርማል ሆኗል፣ ክኒኑን ትቼዋለሁ» እና ሌሎች ስለ ታይሮይድ ሰምቼ የሰለቹኝ ነገሮች

ይቺን አባባል ሳልሰማ የማልፍበት ሳምንት የለም። ሰው ይገባል፣ ቁጭ ይላል፣ ድካሙን፣ ብርድ ብርድ ማለቱን፣ የሆድ ድርቀቱን፣ የፀጉር መነቃቀሉን ይዘረዝርልኛል፣ «የታይሮይድ ክኒንህን እየወሰድክ ነው?» ስለው «እሱንማ ከተውኩት ቆየሁ ዶክተር፣ ውጤቴ ኖርማል ሆነ እኮ» ይለኛል። አንድ በአንድ በቃል ማስረዳት ስላልዘለቅኩት ጻፍኩት። መጀመሪያ ግን ትንንሾቹን ላራግፋቸው።

«ታይሮይድ አለብኝ።» ሁላችንም አለን! ታይሮይድ የበሽታ ስም አይደለም፣ አንገታችን ላይ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን አቅፎ የተቀመጠ፣ ቢራቢሮ የሚመስል፣ ከ15 እስከ 25 ግራም ገደማ የሚመዝን አካል ነው። ቋንቋችንም ትንሽ ያሳስታል፣ ሆርሞን የሚያመነጨውንም ያለ ቦታው የበቀለውንም «እጢ» ነው የምንለው፣ ስለዚ ሰው የአልትራሳውንድ ወረቀቱ ላይ «የታይሮይድ እጢ» የሚል ሲያነብ እጢ ወጣብኝ ብሎ እያለቀሰ ይመጣል።

«አንገቴ አላበጠም፣ ስለዚ ሰላም ነኝ።» እንቅርት ሳይኖር ሆርሞኑ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። ትልቅ እንቅርት ይዞ ሆርሞኑ ልክ የሆነም ሞልቷል።

«አንገት ላይ እባጭ ከታየ ካንሰር ነው።» ታይሮይድ ላይ ከሚገኙ 100 እባጮች ከ90 በላይ የሚሆኑት ካንሰር አይደሉም። ይታይ ግን፣ በአልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ።

«ቲኤስኤች ከፍ ብሏል፣ ታይሮይዴ በዝቶ እየሰራ ነው ማለት ነው።» በብዛት ተቃራኒው ነው። ቲኤስኤችን የሚያወጣው ታይሮይድ ሳይሆን አንጎል ስር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል እጢ ናት፣ ታይሮይድን «ስራ» ብላ የምታዝበት ነው። ታይሮይድ ሲያቅተው ትእዛዙ ይበዛል፣ ታይሮይድ ሲያበዛ ትእዛዙ ይቆማል። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፣ አትደሰቱም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

ታይሮይዳችሁ በሃሺሞቶ ከተጎዳ (ጃፓናዊው ሀኪም ሃሺሞቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው፣ የሰውነት መከላከያ የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት ህመም ነው)፣ ወይም በኦፕሬሽን ከወጣ፣ ወይም በራዲዮአክቲቭ አዮዲን ከከሰመ፣ የምትወስዱት ሌቮታይሮክሲን በሽታ የሚገድል መድሃኒት አይደለም። አንቲባዮቲክ አይደለም ጨርሼዋለሁ የሚባለው። እጢው ማምረት ያቃተውን ሆርሞን ራሱን ነው በክኒን የምንሰጣችሁ። ወረቀቱ ኖርማል ያለው ክኒኑ ስላለ ነው፣ ክኒኑ ሲቀር ኖርማሉም ይቀራል።

«እሺ ግን ካቆምኩ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ምንም አልሆንኩም እኮ!» ሰውን የሚያሳስተው ይሄ ነው። ታይሮክሲን፣ ማለትም ቲ4 የሚባለው ክኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን፣ ደም ውስጥ ካለው ግማሹ ለመጥፋት 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ዛሬ ብታቆሙ ሳምንት ቆይቶ ግማሹ አለ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሩቡ አለ፣ ሰውነት ከቀረው እየቆነጠረ ይቆያል። ከዛም በኋላ ቢሆን ህመሙ ድንገት አይመጣም፣ ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ እያለ ስለሚገባ ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም፣ እድሜ ነው ይላል፣ ስራ በዝቶብኝ ነው ይላል።

አንዲት እናት አልረሳቸውም። ልጃቸው ያመጣቻቸው «ጆሯቸው አልሰማ አለ» ብላ ነው። አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸው ዝም አሉ፣ ልደግመው ስል መለሱልኝ፣ ለካ ሰምተውኛል፣ መልሱ ነው የዘገየው። ድምፃቸው ጎርንኗል፣ የዓይናቸው ሽፋን አብጧል፣ እጃቸውን ስይዘው ይቀዘቅዛል ይሻክራል። ወንበር ላይ አንበርክኬ ቋንጃቸውን ከተረከዝ ከፍ ብዬ በመዶሻ መታ አደረግኩት። እግራቸው እንደማንኛውም ሰው ዘለለ፣ ወደ ቦታው ሲመለስ ግን... ቀስ... ቀስ... እያለ ነው የወረደው። ጤነኛ ሰው ላይ ዓይን እስኪርገበገብ ያልቃል። ልጅቷም አየችው፣ አፏን ይዛ ቀረች። መድሃኒት ይወስዱ ነበር ወይ ስላቸው ከቦርሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡና «ልጄ፣ እኔ እኮ ድኛለሁ፣ ወረቀቱ ራሱ ኖርማል ይላል» አሉኝ። ወረቀቱ የስምንት ወር ነው። ውሸት አልነበረውም፣ ያኔ ክኒኑን በየቀኑ ይወስዱ ነበር።

እንደገና አስጀመርኳቸው፣ በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ «ምንም ለውጥ የለም፣ ጨምርላቸው» ብላ ደወለች። አልጨመርኩም። ቀስ ብሎ የወረደ ሆርሞን ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ መጠን ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ከዛ በፊት የሚወጣው ቁጥር ገና መንገድ ላይ ያለ ቁጥር ነው። በሦስተኛው ወር እግራቸውን ስመታው ወዲያው ተመለሰ።

ማቆም የሚቻልባቸው ሁኔታዎች የሉም አልልም፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው የታይሮይድ መቆጣት ለምሳሌ በብዙዎቹ ራሱ ይተዋል። ግን ያንን የሚወስነው ሀኪማችሁ ነው፣ በምርመራ እየተከታተለ።

አወሳሰዱንም ልንገራችሁ፣ ግማሹ ችግር እዚህ ነው። በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ። አይረንና ካልሲየም የምትወስዱ 4 ሰዓት አራርቁት፣ አንድ ላይ ከዋጣችሁት ክኒኑ ሆድ ውስጥ ተይዞ ሳይገባ ይወጣል። ለፀጉር ብላችሁ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን የምትወስዱ ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሙት፣ ብዙ ላቦራቶሪ ላይ ቁጥሩን ያዛባል። እርጉዝ የሆናችሁ ደሞ በፍጹም «ለልጁ ይጎዳዋል» ብላችሁ እንዳታቆሙ! ፅንሱ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው፣ ስለዚ እርግዝና ላይ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 50 ፐርሰንት ይጨመራል እንጂ አይቀነስም። እንዳወቃችሁ በዛው ሳምንት ለሀኪማችሁ ንገሩ።

«አዮዲን ብጨምርበት ይሻለኛል።» አዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ እርጉዝ 250። አዮዲን ያለው ጨው ከተጠቀማችሁ በላዩ ላይ ጠብታ መጨመር የታመመውን ታይሮይድ ጭራሽ ሊያዘጋው ወይ ሊያስፈነጥዘው ይችላል፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው።

«የታይሮይድ ክኒን ያከሳል።» ጤነኛ ሰው ለመክሳት ከወሰደው ልብ ምቱ ይዛባል፣ አጥንቱ ይሳሳል። አትሞክሩት።

«የታይሮይድ ህመም የሰው ብቻ ነው።» አጥንት ያለው እንስሳ ሁሉ ታይሮይድ አለው። በዛው በ1912 ጉደርናች የሚባል ተመራማሪ ውሃ ውስጥ በጅራት የሚዋኙ የእንቁራሪት ልጆችን ታይሮይድ ሲመግባቸው ሳያድጉ እግር አወጡ፣ ዝንብ የምታክል እንቁራሪት ሆኑ። ውሻ ላይ ብዙ ጊዜ ሆርሞኑ ያንሳል፣ ይወፍራል፣ ይተኛል፣ ፀጉሩ ይሳሳል። ያረጀች ድመት ላይ ደሞ ይበዛል፣ «በደንብ ትበላለች» እየተባለች ትከሳለች፣ እሷን ነው ወደ እንስሳት ሀኪም የምትወስዷት። የራሳችሁን ክኒን ግን ለውሻችሁ አትስጡ፣ የውሻ መጠን በኪሎ ሲሰላ ከሰው ከአስር እጥፍ በላይ ነው፣ ገምታችሁ የምትደርሱበት አይደለም።

ራሳችሁ አቁሙ የምላችሁ አንድ ክኒን ብቻ ነው። ታይሮይዳችሁ በዝቶ ካርቢማዞል ወይም ሜቲማዞል እየወሰዳችሁ ከሆነና ትኩሳት ከጉሮሮ ህመም ጋር ከያዛችሁ፣ ወይም አፋችሁ ከቆሰለ፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ። እምብዛም ባይከሰትም መድሃኒቱ ነጭ የደም ሴልን ሊያጠፋ ይችላል። የዛን ቀን ክኒኑን አቁማችሁ፣ የዛኑ ቀን ሄዳችሁ የነጭ ደም ሴል ምርመራ አሰሩ፣ ሌሊትም ቢሆን።