ስብራትን የሚያቀና እጅ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ምእመናን ሲጽፍ፣ በበደል የተገኘውን ሰው መንፈሳውያን የሆኑት «በየውሃት መንፈስ» እንዲያቀኑት አዘዘ (ገላ. 6፥1)። «አቅኑት» ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል፣ ያዕቆብና ዮሐንስ በታንኳቸው ውስጥ መረባቸውን ሲያበጁ በነበረበት ስፍራም ይገኛል (ማር. 1፥19)፤ በጥንት የሕክምና አነጋገር ደግሞ የወለቀን አጥንት ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነበር።

ወጌሻ ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የተጎዳውን እጅ አስቀድሞ በቅቤ እያሸ ያለሰልሳል፤ ጣቶቹ ስብራቱን በዝግታ እየዳበሱ ይፈልጋሉ፤ አጥንቱን ከመለሰ በኋላም ደግፎ ያስረዋል። ማቅናቱ ማሳመሙ አይቀርም፤ ሆኖም ስብራቱን ለአላፊ አግዳሚ እየገለጠ አያሳይም።

እኛ ግን የወደቀውን ወንድም ከአገልግሎት ካገድን በኋላ ሥራችንን የጨረስን ይመስለናል። እገዳ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ የተበደለ ሰው ካለ ደግሞ እርሱን መጠበቅና እውነቱን አለመሸፈን ይቀድማል። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው፤ ወደ እርሱ የሚደውል ሳይኖር፣ «ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርሽ» እየተባለ በደሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ጳውሎስ በቆሮንቶስ የተቀጣው ሰው «ከልክ በሚበዛ ኀዘን እንዳይዋጥ» ይቅር እንዲሉትና እንዲያጽናኑት የለመነው ይህን አደጋ አይቶ ነው (2ቆሮ. 2፥7)።

ጌታ ጴጥሮስን እንዴት እንዳነሣው እናስተውል። ጴጥሮስ የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ነበር፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳርም የጠበቀው ፍም ነው፤ ዓሣና እንጀራም ነበረ። ጌታ ቁስሉን ሳይነካ አላለፈም፤ ሦስት ጊዜ ለካደው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ነገር ግን አስቀድሞ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አለ፤ ጥያቄው የመጣው ከበሉ በኋላ ነው።

ከእገዳ በኋላ ለወራት በሩ አጠገብ እየተቀመጠ ከቡራኬ በፊት ሹልክ ብሎ የሚወጣ አንድ ወንድም አውቃለሁ። አንድ እሑድ አንዲት እናት የዘወትር ቦታቸውን ትተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ የሚነበበው ክፍል ሲነገርም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭኑ ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ ፊደሉ አልታይ ብሎኛል፤ አንብብልኝ» አሉት። በተቆራረጠ ድምፅ አነበበላቸው። ከቡራኬው በኋላ እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ለምሳ ወሰዱት።