ዱዋል ስፖርት ሞተር ምንድን ነው?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞተር ልገዛ ነው ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው "ስንት ሲሲ ነው?" (የሞተሩ ትልቅነት ማለት ነው) ነው፣ እኔ ግን ከሲሲው በፊት ጎማውን እዩ ነው የምለው።

ዱዋል ስፖርት ማለት ታርጋ፣ ስፖኪዮና ፍሬቻ ኖሮት አስፋልት ላይ በህጉ የሚሄድ፣ ወደ ፒስታ ሲገባ ደግሞ ድንጋዩንም ጭቃውንም የሚችል ሞተር ነው። አብዛኛው የፊት ጎማው 21 ኢንች የኋላው 18 ነው፣ እንደ ቦክሰር ያሉት ተራ ሞተሮች ግን 17 አካባቢ ናቸው፣ ትልቁ ጎማ ድንጋይ ሲያገኝ ላዩ ላይ ይወጣል ትንሹ ግን ይጋጫል። አሞርዛተሩ ረጅም ነው፣ ሆዱም ከመሬት ይርቃል።

የፊት ፓራፋንጎውም ከጎማው ራቅ ብሎ ወደ ላይ ነው የተሰራው፣ ይሄ ለማማር የሚመስለው ካለ ክረምት ላይ የጅሩን መረሬ፣ ያን ጥቁር የሚጣበቅ አፈር ይሞክረው። ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ፓራፋንጎው ስር ይጠቀጠቅና ጎማው ጭራሽ መዞር ያቆማል፣ ከዛ ወርዶ በእንጨት መፈልቀቅ ነው፣ ትንሽ ሄድ እንዳሉ ደግሞ እንደገና።

ቀጥሎ ክብደት። ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ወደ 120 ኪሎ ነው፣ ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል 145 አካባቢ፣ ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 ደግሞ ከ200 በላይ። መንዝ ውስጥ ሰው በሌለበት ዳገት ላይ ቢወድቅባችሁ ብቻችሁን የምታነሱት የቱን ነው?

ግን በጣም ትንሽም አይሁን፣ ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩም ከጉልበቱ ሩብ ያህል ያጣል፣ ስለዚ 125ቱ ሰው ጭኖ ከደብረ ሲና ጣርማበርን ሲወጣ ይንገላታል። ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የድሮው እቃ) ያለው ደጋ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ኢንጀክሽኑ (ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክስ እየለካ የሚረጨው) ራሱን ያስተካክላል፣ ሲበላሽ ግን ወረዳ ላይ የሚነካው መካኒክ ማግኘት ከባድ ነው። ለኔ ከ150 እስከ 250 ሲሲ ያለው ለኛ አገር ልክ ነው።

አንድ ነገር እወቁ፣ ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ ጭቃ ላይ አሪፍ ነው፣ አስፋልት ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ሲሆንም ያንሸራትታል። መንገዳችሁ በብዛት የአዲስ አበባ አስፋልት ከሆነ ጥርሱ መካከለኛ የሆነውን አድርጉ።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጫማችሁን አድርጋችሁ ተቀመጡበት፣ መቀመጫው ከፍ ያለ ስለሆነ እግራችሁ መሬት ካልደረሰ ዳገት ላይ ስትቆሙ ትወድቃላችሁ። ካቴናውን፣ የፍሬን ሸራውንና የፍሪሲዮኑን እቃ ደብረ ብርሃን ላይ ጠይቁ፣ የ21 ጎማና ካላማዳሪ ከጠፋ ደግሞ ሞተሩን ስትገዙ አብራችሁ ተጠባባቂ ግዙ።