የእገዛ መኖሪያ፦ በጡረታ መንደር ውስጥ ቤት ስለ መምረጥ

የእገዛ መኖሪያ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የራሳቸውን ክፍል ወይም አፓርታማ ይዘው፣ በሚያቅታቸው ነገር ብቻ እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት ነው። ምግብ ይቀርባል፣ ክፍሉ ይጸዳል፣ ልብስ ይታጠባል። መድኃኒት በሰዓቱ እንዲወሰድ የሚከታተል ሰው አለ፤ መታጠብ ወይም መልበስ የሚያስቸግረው ረዳት ያገኛል፤ ሌሊት ደወል ለሚደውልም የሚመጣለት ሠራተኛ ይኖራል። አንዳንዶቹ ብቻቸውን የቆሙ ሕንፃዎች ናቸው። ሌሎቹ ግን ራሳቸውን የቻሉ ጡረተኞች ከሚኖሩባቸው ቤቶችና ሙሉ የነርስ እንክብካቤ ከሚሰጥበት ክፍል ጋር በአንድ ግቢ፣ በአንድ የጡረታ መንደር ውስጥ ይገኛሉ።

ስለ አመራረጣቸው ሲወራ ንጽሕና፣ ምግብና የግቢው ውበት ይቀድማሉ። አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን ሁሉም ከአንድ ጥያቄ በኋላ ይመጣሉ። አረጋዊው እዚያ ከገቡ በኋላ በገዛ ቀናቸው ላይ አዛዡ ማን ነው? መቼ እንደሚነሡ፣ ማን እንደሚጎበኛቸው፣ በራቸው መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው ማን ነው? የእገዛ መኖሪያ የተፈጠረው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ስለሆነ በዚሁ መመዘኑ ተገቢ ነው።

አመጣጡ

ለጡረተኞች ብቻ የተለየ መንደር የመሥራት ሐሳብ በዘመናዊ መልኩ ጎልቶ የወጣው በአሜሪካ፣ በአሪዞና ነው። ያንግታውን የተባለችው ትንሽ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1954 ተቆረቆረች፤ ከጎኗ ደግሞ የሕንፃ ተቋራጩ ዴል ዌብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ሰን ሲቲን ከፈተ። የጎልፍ ሜዳና የመዋኛ ገንዳ የነበረው ይህ መንደር የታለመው ለጤናማና ለንቁ ጡረተኛ ነበር። ሰው ግን በገባበት ዕድሜ አይቆይም። በ65 ዓመቱ ጎልፍ ሊጫወት የመጣ ሰው በ85 ዓመቱ ካልሲውን ለማጥለቅ ረዳት ይሻል።

ለደከመ ሰው በዚያን ዘመን ይቀርብ የነበረው አማራጭ የነርሶች እንክብካቤ ቤት ነው። ይህ ቤት አሠራሩን የወረሰው ከሆስፒታል ነበር፤ አልጋ ከአልጋ ጎን፣ ለሁሉም አንድ የመነሻ ሰዓት፣ የማይቆለፍ በር። የእገዛ መኖሪያን ከጀመሩት አንዷ የሆነችው የአሜሪካዊቷ የኬረን ብራውን ዊልሰን እናት፣ ልጃቸው ገና ወጣት ሳለች በስትሮክ ተመትተው በእንዲህ ያለ ቤት ለዓመታት ኖሩ። ይመኙ የነበረው የራሳቸው ክፍል፣ ትንሽ ወጥ ቤትና ራሳቸው የሚቆልፉት በር ነበር። ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኦሪጎን ግዛት ያቋቋመችው ቤት ይህን ምኞት መሠረት አደረገ። ነዋሪው በሩን ይቆልፋል፤ የክፍሉን ሙቀት ራሱ ያስተካክላል፤ ዕቃውንና የቤት እንስሳውን ይዞ ይገባል። እገዛ ይቀርብለታል፤ ነገር ግን ተከራይ እንጂ ታካሚ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ስሙ በብዙ አገር ተሰራጭቷል፤ የበሩ ቁልፍ ግን ሁልጊዜ አብሮት አልሄደም። ዛሬም የእገዛ መኖሪያ ተብለው ነዋሪውን እንደ አልጋ ቁጥር የሚቆጥሩ ቤቶች አሉ። ይህ ደግሞ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ በኮነቲከት በሚገኝ አንድ የአረጋውያን ቤት የአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ስለ ኑሯቸው ራሳቸው እንዲወስኑ ተነገራቸው፤ የሚያጠጡት ተክልም ተሰጣቸው። የሌላው ፎቅ ነዋሪዎችም ተክል ተሰጣቸው፤ የሚያጠጡላቸው ግን ነርሶች ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። አንድ ማሰሮ ተክል ማጠጣት ይህን ያህል ለውጥ ካመጣ፣ በገዛ በር ላይ ማዘዝ ምን ያህል ሊያመጣ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ምን ዓይነት እገዛ?

ቤት ከመፈለግ በፊት የሚያስፈልገውን እገዛ ለይቶ ማወቅ ይገባል። በሙያው ዘንድ ሁለት መለኪያዎች የታወቁ ናቸው። ሐኪሙ ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት ስድስት መሠረታዊ ተግባራትን ይጠይቃል፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር፣ ሽንትንና ሰገራን መቆጣጠር፣ መመገብ። ፓወል ሎተንና ኢሌን ብሮዲ እ.ኤ.አ. በ1969 የጨመሩት ደግሞ ስልክ መጠቀምን፣ መገበያየትን፣ መድኃኒት በሥርዓት መውሰድን፣ ገንዘብ ማስተዳደርንና የመሳሰሉትን ይመለከታል። በሁለተኛው ዝርዝር ብቻ የሚቸገር ሰው ምናልባት ቤቱ ሳለ ቢታገዝ ይበቃው ይሆናል። በመጀመሪያው ከሁለትና ከሦስት በላይ የሚያቅተው ግን የእገዛ መኖሪያን ማሰብ ይጀምራል።

ቤተሰብ በዚህ ግምገማ በሁለት በኩል ይሳሳታል። አልፎ አልፎ የሚጠይቅ ልጅ ወላጁን የሚያየው በደህናው ሰዓት ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ይበረታል። አብሮ የሚኖረው ደግሞ እናቱ ሳይሞክሩት ቀድሞ ስለሚያደርግላቸው፣ የሚችሉትንም እንደማይችሉ ይቆጥራል። አንድ ሙሉ ሳምንት ጠዋትና ማታ በትዕግሥት ማየት ከሁለቱም ስሕተት ያድናል።

ውሉ

እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ግቢውን ለማየት ሁለት ሰዓት ሰጥቶ ውሉን በአሥር ደቂቃ ይፈርማል።

በማስታወቂያ የሚነገረው ዋጋ በአብዛኛው የክፍሉና የምግቡ ነው። እገዛው በደረጃ ወይም በነጥብ ተሰልቶ ይጨመርበታል፤ ገላ መታጠብ ይህን ያህል፣ መድኃኒት ማደል ይህን ያህል እየተባለ። ስለዚህ ዛሬ በዝቅተኛ ደረጃ የገባ ሰው ከዓመት በኋላ የሚከፍለው ምን ሊሆን እንደሚችል፣ ደረጃውን የሚወስነው ማን እንደሆነና ጭማሪው ከስንት ቀን በፊት እንደሚነገር በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል። በቀደሙት ዓመታት ዋጋው በየዓመቱ በስንት እንደጨመረም ሊነግሩ ይችላሉ። የማይናገር ቤት ያጠራጥራል።

ሁሉንም የእንክብካቤ እርከን በአንድ ግቢ በሚሰጡ መንደሮች ውሉ ይበልጥ ይከብዳል። ብዙዎቹ በወር ከሚከፈለው ሌላ ትልቅ የመግቢያ ክፍያ ይጠይቃሉ። በአንደኛው ዓይነት ውል የመግቢያው ክፍያ ከፍ ያለ ሆኖ፣ ነዋሪው ኋላ ብዙ እንክብካቤ ቢያስፈልገውም ወርኃዊው ክፍያ ብዙ አይለወጥም። በሌላው መግቢያው ይቀንስና የተወሰነ እንክብካቤ ብቻ ይሸፈናል። በሦስተኛው ነዋሪው በጊዜው ለሚያገኘው አገልግሎት በጊዜው ዋጋ ይከፍላል። ነዋሪው ቢለቅቅ ወይም ቢሞት ከመግቢያው ምን ያህሉ፣ መቼ እንደሚመለስ ከውል ውል ይለያያል፤ ክፍሉ ሌላ ሰው እስኪገባበት ድረስ የማይመልሱም አሉ። መንደሩ ራሱ ቢከስር ይህ ገንዘብ አደጋ ላይ ስለሚወድቅ የድርጅቱን የሒሳብ ሪፖርት ማየት የገዢው መብት ሊሆን ይገባል።

ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ መነበብ ያለበት የመልቀቂያው አንቀጽ ነው። ቤቱ ነዋሪውን ውጣ የሚለው መቼ ነው? ለመነሣት የሁለት ሰው እገዛ ሲያስፈልገው? ማታ መንገድ ሲስት? ገንዘቡ ሲያልቅ? ሆስፒታል ሲሰነብት ክፍሉ ይጠበቅለታል ወይ? «እስከ መጨረሻው አብረን ነን» የሚል የቃል ተስፋ ከዚህ አንቀጽ ጋር ከተቃረነ የሚጸናው አንቀጹ ነው። ባልና ሚስት ሲሆኑም አንዱ ከሌላው ቀድሞ ቢደክም አብረው መቆየታቸው እንደሚፈቀድ ማረጋገጥ ያሻል። ሌላም አለ። «ኃላፊነት ወሳጅ» ተብሎ እንዲፈርም የሚጠየቅ ልጅ ለወላጁ ዕዳ በግሉ ተጠያቂ እየሆነ ሊሆን ይችላል። ውክልና ካለው በወላጁ ስም መፈረሙን በግልጽ ማስጻፍ አለበት፤ ከመፈረሙ በፊትም ለሕግ ባለሙያ ቢያሳይ የሚጸጸትበት አይሆንም።

ጉብኝቱ

በቀጠሮ የሚደረግ ጉብኝት የሚያሳየው መልካሙን ነው። ሁለተኛው ጉብኝት በእራት ሰዓት ወይም በእሑድ ከሰዓት፣ ሠራተኛ በሚሳሳበት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። የሚታየው ነገር ትንሽ ነው፤ ግን ይናገራል። ሠራተኛዋ ከመግባቷ በፊት ታንኳኳለች? መልስስ ትጠብቃለች? የምታናግረው አረጋዊውን ነው ወይስ በራሳቸው ላይ ተሻግራ ልጃቸውን? ደወል ሲደወል ስንት ደቂቃ ያልፋል? ሌሊት ነቅቶ የሚያድረው ስንት ሰው ነው? ነርስ ግቢው ውስጥ አለች ወይስ በስልክ ነው የምትጠራው? ሠራተኞቹስ ስንት ዓመት ቆይተዋል? ተንከባካቢ በየጥቂት ወሩ በሚለዋወጥበት ቤት አረጋዊው ገላቸውን ሁልጊዜ በማያውቁት ሰው ፊት ይገልጣሉ።

«እዚህ ማንም ወድቆ አያውቅም» የሚል ቤት ሊያስደስት አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ ይወድቃሉ። ስለዚህ እንዲህ የሚል ቤት ወይ አይመዘግብም፣ ወይ ነዋሪዎቹን ከወንበር አያስነሣም። ጥሩ ቤት ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደወደቀ እንዴት እንደሚያጣራ ያስረዳል።

የመርሳት በሽታ ሲኖር

የመርሳት በሽታ ላለባቸው የሚለየው ክፍል መውጫው በአብዛኛው የተዘጋ ነው፤ የቁልፉ ጥያቄ የሚከብደውም እዚህ ነው። ሆኖም መዝጋት ብቻውን መልስ እንዳልሆነ በኔዘርላንድስ ዌስፕ የሚገኘው ሆግወይክ መንደር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አሳይቷል። የመርሳት በሽታ የጠናባቸው ሰዎች በጥቂት በጥቂቱ ተከፍለው እንደ ቤተሰብ ይኖራሉ፤ ዙሪያው የተከለለ ቢሆንም ውስጡ መንገድ፣ ሱቅና ምግብ ቤት ስላለው በነፃነት ይዘዋወራሉ። እንዲህ ያለ ግቢ በየቦታው ባይገኝም፣ ነዋሪው ወደ ደጅ ወጥቶ የሚመላለስበት ቦታ መኖሩን፣ ሠራተኞቹም በዚህ በሽታ መሠልጠናቸውን መጠየቅ ይቻላል።

ቁጥጥርና ክፍያ

ቁጥጥሩ ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የነርሶች እንክብካቤ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣ የፌዴራል ሕግ ሲገዙ፣ የእገዛ መኖሪያዎች ግን በየግዛቱ ደንብ ይተዳደራሉ፤ ቅሬታ የሚቀበል እንባ ጠባቂም በየግዛቱ አለ። በእንግሊዝ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን የእንክብካቤ ቤቶችን በአራት ደረጃ መድቦ ሪፖርቱን ለሕዝብ ያወጣል። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን የእገዛ መኖሪያን የክፍልና የምግብ ወጪ አይሸፍንም፤ ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1995፣ ጃፓን በ2000 የእንክብካቤ መድን ጀምረዋል።

ውሳኔው

አብዛኛው ምርጫ የሚደረገው አረጋዊው ወድቀው ሆስፒታል ሲገቡ፣ ሐኪሙ ነገ ይወጣሉ ሲል፣ ልጆች በስልክ እየተሟገቱ ነው። እጅግ የሚያሳዝነው በዚያ ሰዓት የሚኖሩበትን ቤት በዓይናቸው ያላዩት አረጋዊው ብቻ መሆናቸው ነው። ገና በጤናቸው ሳሉ ሁለት ሦስት ቤት አብሮ ማየት ይቻላል። ብዙ ቤቶችም ለጥቂት ሳምንት በእንግድነት ይቀበላሉና ከመፈረም በፊት እዚያ ቢሰነብቱ ከማንም ምስክርነት ይበልጣል። ከገቡም በኋላ የእንክብካቤ ዕቅዳቸው በየጊዜው ይከለሳል፤ ክለሳው በሚደረግበት ስብሰባ አረጋዊው ራሳቸው መቀመጣቸውን፣ የተጻፈውም ተነቦላቸው መስማማታቸውን ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መከታተል አለበት።