የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፦ ከጎንደር ተነስቶ ሐይቁን በእግር፣ በታንኳና በመንጠቆ መጎብኘት

ጣና ሐይቅ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻው በጣቁሳ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል የጎንደር ምድር ነው። ሐይቁ የተፈጠረው ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ አለት በደቡብ በኩል የዐባይን መውጫ በመገደቡ እንደሆነ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይገልጻሉ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ያህል፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ይህን ያህል ጥልቀት የሌለው መሆኑ ማዕበሉንም፣ ዓሣውንም፣ የቀዛፊውንም ውሎ ይወስነዋል።

ጎንደር ከተማ ከሐይቁ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ስትሆን፣ ሁለቱም ወንዞች መገጭን ተቀላቅለው ጣና ይገባሉ። በጥምቀት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው የቀሃ ውሃ ጉዞውን የሚጨርሰው በደምቢያ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ከጎንደር ወደ ጣና የሚወርድ ጎብኚ ወደ ሌላ አገር አልሄደም፤ የከተማዋን ውሃ ተከትሎ እስከ መጨረሻው ወርዷል እንጂ። ከተማው በወንዞቹ ላይ የሚጥለው ቆሻሻና ከገደላ ገደሉ የሚታጠበው አፈርም በዚሁ መንገድ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ወደዚህ ነጥብ እንመለስበታለን።

የተለመደው መንገድ ከአዘዞ ተገንጥሎ በቆላ ድባና በጯሂት አልፎ ጎርጎራ የሚያደርሰው ሲሆን፣ ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎርጎራ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። ወደቡ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደራጀ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር በሐይቁ ላይ የሚመጣው የጀልባ ጉዞ ለረጅም ዘመን ማረፊያው እዚህ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ቦታው የነገሥታት መቀመጫ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) በዚህ ዳርቻ ከተማ መሥርተው ነበር፤ የኢየሱሳውያን ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝም እ.ኤ.አ. በ1622 ትኩሳት ይዞት የሞተው በጎርጎራ ነው። የሱስንዮስ ልጅ ዐፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ወደ ጎንደር ከፍታ ከወጡ በኋላ የሐይቁ ዳር ለገዳማቱና ለዓሣ አስጋሪዎቹ ቀረ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በ«ገበታ ለሀገር» መርሐ ግብር የተሠራው የጎርጎራ ኢኮ ሪዞርት ለቦታው አዲስ ገጽታ ሰጥቶታል።

የእግር ጉዞን በተመለከተ፣ የሐይቁ ዳርቻ ከሰሜን ተራሮች ጋር አይወዳደርም፤ ሊወዳደርም አይገባም። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ የሚጀመረው የሳንቃ በር፣ የግጭና የጨነቅ ጉዞ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚካሄድ የገደል ጉዞ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውኃ በአብዛኛው ወደ ተከዜ ስለሚወርድም ከጣና ጋር አይገናኝም፤ በከፍታዎቹ ላይ የጥንት በረዶ ግግር አሻራ ቢኖርም በስሙ የሚጠራ ሰፊ ሐይቅ የለም። ተራራና ሐይቅን በአንድ ጉዞ ማየት የሚሻ ሰው ሁለቱን ለየብቻ ይዞ ጎንደርን መሐል ማረፊያ ቢያደርግ ይሻለዋል።

በጣና ዳር የሚደረገው ጉዞ ሜዳማ፣ አጭርና በታሪክ የተሞላ ነው። ከጎርጎራ ከተማ ጥቂት ተራምዶ የሚደረስበት ደብረ ሲና ማርያም ክብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ አመሠራረቱ ወደ ዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን እንደሚደርስ ይነገራል፤ የመቅደሱ ግድግዳ በጥንታዊ ሥዕሎች የተሸፈነ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሐይቁ በገባው የመሬት ምላስ ላይ፣ የሱስንዮስ ዘመን ፍርስራሽ የሆነው ማርያም ግምብ ይገኛል። በእግር መሄድ ቢቻልም ብዙዎች አንዱን አቅጣጫ በጀልባ፣ መልሱን በእግር ያደርጉታል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በእንፍራንዝ አቅራቢያ ኮረብታ ላይ የተሠራው የጉዛራ ግምብ አለ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወርዶ ኮረብታውን የወጣ ሰው፣ የፎገራን ሜዳና ከወዲያ ማዶ የሚያብረቀርቀውን ውሃ አንድ ላይ ያያል። ግምቡ በዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) ዘመን እንደተሠራ የሚታመን በመሆኑ ከፋሲል ግቢ ይቀድማል። የጎንደርን ሕንጻዎች ማየት የሚጀምር ሰው ከዚህ ቢጀምር ይበልጥ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በሐይቁ ላይ የሚቀዘፈው ዋናው መርከብ ታንኳ ነው። የሚሠራው በዳርቻው ረግረግ ከሚበቅለው ደንገል ሲሆን፣ ሙያው በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ነው። ደንገሉ ከታጨደ በኋላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰርና ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጠፍረው አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዛፊው ወይም ጭነቱ በሚያርፍበት ቦታ ሌላ ደረቅ ነዶ ይነጠፋል፤ ታንኳ እንደ እንጨት ጀልባ ውሃን ከውስጡ አግዶ የሚንሳፈፍ ሳይሆን በደንገሉ ውስጥ ባለው አየር የሚንሳፈፍ በመሆኑ፣ ውሃ ከሥር እየሰረገ ይገባልና። በዚህ ምክንያት የቀኑ ሥራ ሲያበቃ ታንኳው ወደ ደረቅ መሬት ተጎትቶ ዛፍ ወይም አጥር ላይ ይደገፋል፤ እስኪጠፈጠፍ ይቆማል። ይህን ሁሉ ተንከባክበውትም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ሌላ ይታሰራል። መቅዘፊያው ረጅም ሽመል ሲሆን፣ ቀዛፊው ተቀምጦ በግራና በቀኝ ያፈራርቀዋል። ጎብኚ ታንኳ ላይ ሲወጣ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ራስንም ቀዛፊውንም ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ለቀዘፋ የተመረጠው ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋዱ ድረስ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ነፋሱ ይነሳል፤ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭር፣ ቀጥ ያለና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ይሆናል። የአካባቢው ሰው ከሰዓት በኋላ በታንኳ ከዳር የማይርቀው ለዚህ ነው። ወደ መንደባ፣ ወደ ብርጊዳና ወደ አንጋራ ገዳማት መሄድ የሚፈልግ የሞተር ጀልባ ቢይዝ፣ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም ሳይሳፈር ቢያረጋግጥ ይገባዋል። ከገዳማቱ ሴቶችን የማያስገቡ ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በወንዝ መግቢያዎች ጉማሬ ስለሚኖር በደንገሉ መሐል ያለ ቀዛፊ መሪነት መግባት አይገባም።

በሳይንሱ ዓለም የጣና ስም ከፍ ብሎ የሚጠራው በዓሣው ነው። አስጋሪዎቹ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን በውስጡ 17 ያህል ዝርያዎች እንዳሉት ተለይቷል፤ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ ውጭ የትም አይገኙም። ይህ የዓሣ ቤተሰብ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው፤ ጨጓራም የለውም። እንዲህ ያለ አካል ይዘው ግማሽ የሚጠጉት የጣና ዝርያዎች ሌላ ዓሣ አሳዳጅ አዳኞች መሆናቸው ተመራማሪዎችን ያስደነቀ ነገር ነው። ከእነርሱ ሌላ ቀረሶ፣ አምባዛና በሶ በብዛት ይያዛሉ። ቀረሶ በዋናነት ደቃቃ የውሃ ዕፀዋት ስለሚመገብ የመረብ ዓሣ ነው፤ አምባዛ ጭቃማ ወለል ላይ ማታ ማታ ይያዛል፤ ለመንጠቆ ወዳጅ የሚመቸው ትናንሽ ዓሣ የሚያሳድደው ነጭ ዓሣ ነው።

ይሁን እንጂ ነጭ ዓሣ ዛሬ ሊራራለት የሚገባ ዓሣ ነው። ክረምቱ ሲገባ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ፤ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ወራጅ ውሃ ይፈልጋሉና። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከገባ ወዲህ መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ ይዘረጋ ጀመር። በላይኛው ወራጅ ደግሞ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ውሃው ላይ በመበተን ዓሣን አደንዝዞ መያዝ የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በከፍተኛ መጠን መቀነሳቸው በጥናት ታይቷል። የአሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ሀብቱን በሥርዓት ለማስተዳደር ቢሆንም፣ በመረብ ብዛት ላይ ያለው ቁጥጥር ገና ብዙ ይቀረዋል። ስለዚህ ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከወንዝ መግቢያዎች ቢርቅ፣ ከኅዳር በኋላ ቢመጣ፣ ከአካባቢው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጋር ተስማምቶ ቢወጣ፣ ለምግብ ከሚበቃው የተረፈውንም በሕይወት ቢመልሰው ተገቢ ነው። በዐቢይ ጾም ወራት ገበያው ስለሚደራ ዋጋው ይወደዳል፤ በጎርጎራ ጥብሱም ሆነ ለብለቡ በዚያው ቀን ከተያዘ ዓሣ ስለሚሠራ ከተማ ውስጥ ከሚቀርበው በጣዕም በእጅጉ ይለያል።

እምቦጭ የተባለው ተንሳፋፊ የውሃ አረም በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታወቅ መጀመሪያ የታየው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። ከጎንደር በኩል የሚመጣው አፈር፣ ማዳበሪያና ቆሻሻ ዳርቻውን ስላደለበለት በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በፍጥነት ተስፋፋ። አረሙ ጥቅጥቅ ብሎ በተኛበት ታንኳ አይቀዘፍም፣ መረብ አይዘረጋም፣ ቀረሶ የሚራባበት የዳር ውሃም ይታፈናል። በሺህ የሚቆጠር ገበሬ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ቢከርምም ክረምት በመጣ ቁጥር ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ሆኖም ዳርቻውን ከማጽዳት እኩል በቀሃና በአንገረብ ዳር የሚጣለው ነገር ካልቆመ፣ የነቀላው ድካም ዓመት በዓመት መደጋገሙ አይቀርም።

ለጉብኝት ምቹው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ የደምቢያና የፎገራ ጭቃም ደርቋል፤ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም በረግረጉ ይሰፍራሉ። ከመስከረም እስከ ኅዳር በዳርቻው ወባ ስለሚበረታ አጎበር መያዝ ግድ ነው፤ የጎንደር ከተማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከዚያ የመጣ ሰው ይህን ይዘነጋል። በጎርጎራ ዳርቻ ቢልሃርዝያ መኖሩ ስለታወቀ፣ ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ መዋኘትም ሆነ በባዶ እግር መራመድ አይመከርም፤ ተሐዋሲው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት መንገዶች የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ፣ ከጎንደር ከመነሳት በፊት የቆላ ድባንና የጯሂትን መንገድ ሁኔታ በዕለቱ ከተመላለሱ ሾፌሮች ጠይቆ መረዳት፣ መመለሻውንም ከመምሸቱ በፊት ማድረግ ያስፈልጋል።