ስትርቶክ ምንድን ነው? በሲ ቋንቋ ስትሪንግን ወደ ቶከን መክፈል

ስትርቶክ (strtok) ከሲ መደበኛ ላይብረሪ ጋር የሚመጣ ፈንክሽን ነው። አንድን ስትሪንግ (ተከታታይ የጽሑፍ ምልክቶችን) በመለያ ምልክት (በኮማ፣ በባዶ ቦታ፣ በእዝባር) እየቆረጠ ቁራጮቹን፣ ማለትም ቶከኖቹን፣ አንድ በአንድ ይሰጣል። ይቆርጣል ሲባል ግን ኮፒ አያወጣም፤ የሚቆርጠው የሰጠነውን ስትሪንግ ራሱን ነው።

«12/04/2016» የሚለውን እንውሰድ። መጨረሻው ላይ ካለው፣ ስትሪንጉ ማብቃቱን ከሚያመለክተው ዜሮ ባይት ጋር በሜሞሪ 11 ባይት ይይዛል። ስትሪንጉንና መለያውን ሰጥተን ስንጠራው፣ ስትርቶክ ኢንዴክስ (ከ0 የሚቆጠር ቦታ) 2 ላይ ያገኘውን እዝባር በዜሮ ባይት ይተካና የ«12»ን መነሻ አድራሻ ይመልሳል። ለቀጣዩ ቶከን ስትሪንጉን ደግመን አንሰጠውም፤ በቦታው ነል (NULL፣ ምንም የማያመለክት ባዶ አድራሻ) እንሰጠዋለን፣ እሱም ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛው ጥሪ ኢንዴክስ 5ን ዜሮ አድርጎ «04»ን ይሰጣል፣ ሦስተኛው «2016»ን፤ አራተኛው ነል ሲመልስ ሉፑ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ዋናውን ስትሪንግ ብናትመው የሚወጣው «12» ብቻ ነው። ስለዚህ ዋናው በኋላ የሚፈለግ ከሆነ አስቀድሞ ኮፒ ይደረግ፤ ለኮፒው ቦታ ሲያዝም ለዜሮው ባይት ከርዝመቱ 1 መጨመር አይረሳ።

በጥቅስ ውስጥ ተጽፎ በፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ በሚይዝ ተለዋዋጭ) ብቻ የተያዘ ጽሑፍን ለስትርቶክ መስጠት አደገኛ የሚሆነውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ኮምፓይለሩ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ መጻፍ በማይፈቀድበት የሜሞሪ ክፍል ያስቀምጠዋል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያዋን ዜሮ ሊጽፍ ሲል በሰግመንቴሽን ፎልት (ያልተፈቀደ ሜሞሪ በመንካት በሚመጣ ስህተት) ይወድቃል። ያንኑ ጽሑፍ በፖይንተር ፋንታ በካራክተር አሬይ መያዝ ችግሩን ይፈታዋል።

«ካቆመበት ይቀጥላል» ያልነውም የራሱ ጣጣ አለው፤ ያቆመበትን የሚያስታውሰው በአንድ ውስጣዊ ፖይንተር ብቻ ነው። የውጩ ሉፕ መስመሮችን፣ የውስጡ ሉፕ ደግሞ በእያንዳንዱ መስመር ያሉትን ኮማዎች እንዲከፍል ብናደርግ፣ የውስጡ የውጩን ቦታ ይደመስስበታል። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ሥራው ዝም ብሎ ያበቃል፣ የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም። ለዚህ ስትርቶክ አር (strtok_r) አለ፦ ቦታውን የሚይዘውን ፖይንተር እኛው በሦስተኛ አርጉመንት እናቀርብለታለን። በሊኑክስና በማክ ይገኛል፤ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ተመሳሳዩ ስትርቶክ ኤስ (strtok_s) ይባላል።

ባዶ መስኮችንም ይውጣቸዋል። «205,,38» ሦስት መስክ ያለው ይመስላል፣ ስትርቶክ ግን ሁለቱን ኮማዎች እንደ አንድ ቆጥሮ ሁለት ቶከን ብቻ ይሰጣል፤ 38 በሁለተኛው መስክ ቦታ ይገባና መረጃው ይዛባል። ሲኤስቪ ፋይል (መስኮቹ በኮማ የተለዩ የሠንጠረዥ ፋይል) ለማንበብ አልመክረውም። ስትርሴፕ (strsep) የሚባለው ተመሳሳይ ፈንክሽን ባለበት ሲስተም እሱ ባዶውን መስክ እንደ ባዶ ስትሪንግ ይመልሳል።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከሁሉም የሚከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። የመለያው አርጉመንት የባይቶች ስብስብ እንጂ አንድ ቃል አይደለም፤ በውስጡ ካሉት ባይቶች ማንኛውም ብቻውን ይቆርጣል። ፊደላትን በባይት በሚጽፈው የዩቲኤፍ-8 አሠራር «፣» 225፣ 141 እና 163 የሚባሉ ሦስት ባይቶች ናት። ከ«ሀ» ጀምሮ ያሉት መደበኛ የግዕዝ ፊደላት ሁሉ የሚጀምሩት ደግሞ በዚያው በ225 ነው! «ቡና፣ጤፍ»ን በ«፣» ክፈል ብንለው ሁለት ቃል ሳይሆን ሦስት የተበላሹ ቶከኖች ይመልሳል፤ እያንዳንዳቸው መጀመሪያቸው የተቆረጠ ሁለት ሁለት ባይት ናቸው። «ፍ» 225፣ 141፣ 141 ስለሆነች ጨርሳ ትጠፋለች።

መለያው የላቲኑ ኮማ ቢሆን ኖሮ ምንም ችግር አልነበረም፤ የእሱ ባይት 44 ነው፣ የግዕዝ ፊደል ባይቶች ግን ሁሉም ከ127 በላይ ናቸው። በ«፣»፣ በ«፡» ወይም በ«።» መክፈል የግድ ሲሆን ስትርቶክን ትቶ ስትርስትርን (strstr፣ በስትሪንግ ውስጥ ሌላ ስትሪንግ የሚፈልገውን ፈንክሽን) መጠቀም ነው፦ ሦስቱን ባይቶች እንደ አንድ ቃል ይፈልጋል፤ ያገኘበት ቦታ ላይ ዜሮ ባይት እንጽፋለን፣ ፖይንተሩን ከዚያ በ3 ባይት አሳልፈን ፍለጋውን እንቀጥላለን፤ ነል ሲመልስ የቀረው ጽሑፍ የመጨረሻው ቶከን ነው።